ስሙን አልጠየቁትም

ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ምን ሆኖ ነው?» ይለኛል። በእኛ አገር ሞት ምክንያት አለው። ሰው ታሞ ይሞታል፣ መኪና ይገለበጥበታል፣ ጎርፍ ይወስደዋል፣ ተጣልቶ ይገደላል፣ ጦርነት ይበላዋል። እነዚህን ሁሉ እናውቃቸዋለን፣ ለየአንዳንዳቸው የምንለው አለን። የእኔ ልጅ ግን ከእነዚህ በአንዱም አልሞተም። «ታሞ ነው?» ሲሉኝ «አይደለም» እላለሁ። «ተጣልቶ ነው?» ሲሉኝም «አይደለም»። ከዚያ በኋላ የምለው ይጠፋኛል። የጠየቀኝም ሰው ትንሽ ይጠብቅና «አብሽሪ፣ ሶብር አድርጊ» ብሎኝ ወደተቀመጡት ሰዎች ይሄዳል።

እኔ ቆቦ ከተማ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከገበያው ጀርባ ባለች ትንሽ ክፍል፣ የስፌት መኪናዬን ከበሩ አስጠግቼ እሠራለሁ፤ ወደ ውስጥ ከገባሁ ሙቀቱ አያስቀምጥም። የልጆቼ አባት ገበሬ ነው። መሬቱ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ዋጃ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው፤ ማሽላ ይዘራበታል። ሁለት ልጆች ነበሩን። ትልቋ ሴት ናት፤ ዋጃ ተድራ ወልዳ ከብዳለች። ትንሹ እሱ ነበር።

ሳቂታ ልጅ ነበር። ከሰው ጋር ለመግባባት ጊዜ አይፈጅበትም። ከትምህርት ቤት ሲመለስ እኔ ዘንድ ይመጣና ልብሱ እስኪያልቅለት የሚጠብቀውን ደንበኛ ሁሉ ያጫውታል። ቀሚስ ሊያሳጥሩ የመጡ ሴትዮ የሦስት ዓመት ታሪካቸውን ነግረውት ይሄዳሉ። ማሽላው እሸት ሲይዝና ግሪሳ ወፍ ሲወርድ ደግሞ አባቱን ለመተካት ማማው ላይ ይወጣል። ወንጭፍ አይሆንለትም ነበር፤ ድንጋዩ የትም ይሄድበታል። አባቱ «አንተ ወፉን ትተህ የሰው ላም ልትገድል ነው» እያለ ይስቅበታል። እሱ ወፎቹን የሚያባርረው በጩኸት ነበር። ያ ሁሉ ወፍ በአንዴ ተነስቶ ሲሄድ እኔ ከመንገዱ ላይ ሆኜ አይ ነበር።

ጦርነቱ አገራችን ሲገባ ትምህርቱን ገና አልጨረሰም። እድሜው ጠመንጃ ለመያዝ ደርሶ ነበርና ደጋ ላይ ዘመድ ቤት ወስደን ደበቅነው። ተመልሰን ስንመጣ የተማረበት ትምህርት ቤት መስኮትም ወንበርም አልነበረውም። ልጆቹ መሬት ላይ ተቀምጠው ነው የጀመሩት። የሰፈራችን ሰው ልጁን በየፊናው ቀብሮ ነበር፤ እኔ ልጄን በእጄ ይዤ ስሄድ የሚያዩኝ እናቶች ዓይን ይከብደኝ ነበር። እንዲያ ሆኖ ተማረ፣ የአሥራ ሁለተኛን ፈተና ወሰደ፣ አለፈ። ከክፍሉ ልጆች አብዛኞቹ አላለፉም።

የተመደበበት ዩኒቨርሲቲ ሩቅ ነው። ስሙንም አገሩንም አልጠራም። እዚያ ያለ ሰው ሁሉ ልጄን አልገደለውም። ምደባው ሲወጣ ሰው «ራቀባችሁ» ሲለን ባለቤቴ «ይራቅ፣ ሰላም ያለበት ነው» ይል ነበር። እኔም ያሰብኩት ይህንኑ ነው። ሁለት ነጭ ሸሚዝ ሰፋሁለት። በሄደ ቀን አባቱ አውቶብስ ውስጥ ድረስ ገብቶ የሚቀመጥበትን መስኮት ከፍቶ ዘግቶ ሞከረለት። ወሬ የማይሆንለት ሰው ስለሆነ ስንብቱ ይኸው ነበር። «ይከፈታል» አለው፣ ወረደ።

ይደውል ነበር። ምግቡን፣ ብርዱን፣ የሚተኛበትን ክፍል ይነግረኛል። አንድ ቀን «እማ፣ እዚህ ስማችን ፍሬሽ ነው» አለኝ።

«ፍሬሽ ደግሞ ምንድን ነው?»

«አዲስ ገቢ ማለት ነው። ነባሮቹ ሁላችንንም እንዲያ ነው የሚሉን። አቀባበል ያደርጉልናል» ብሎ ሳቀ።

አቀባበል ሲለኝ ደስ አለኝ። እኔ የማውቀው አቀባበል እንግዳን ከመንገድ ወጥቶ መቀበል፣ ውሃ አቅርቦ ማሳረፍ፣ ከቤት የተሻለውን መኝታ መስጠት ነው። «አላህ ይስጣቸው፣ ጥሩ ልጆች ናቸው ማለት ነው» አልኩት። «ይቀልዳሉ» አለኝ። ከዚያም የእህቱን ልጆች ጠየቀኝ።

ያን ቀን ጠዋት የትምህርት ቤት ዩኒፎርም እየሰፋሁ ነበር። ባለቤቴ በዚያ ሰዓት ከእርሻው ተነስቶ እኔ ዘንድ መጥቶ አያውቅም። መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ጨርቁ ጨለመብኝና ቀና ሳልል «ዞር በል፣ ብርሃኑን ከለከልከኝ» አልኩት። አልተንቀሳቀሰም። ቀና ስል ስልኩን እንደያዘ ነው።

«ልጁ» አለ።

«ምነው? ታሞ ነው?»

«የለም።»

አልታመመም ያለኝ መሰለኝ። «አልሀምዱሊላህ» አልኩ። ወላሂ፣ ብያለሁ። እሱ እዚያው ቆሞ አየኝ፤ ቃሉን ለመድገም አልቻለም። ፊቱን ሳይ ነው «የለም» ማለቱ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ።

የሆነውን የሰማነው ቀስ በቀስ ነው፤ ትንሹን ከደወለው የመኝታ ክፍል ጓደኛው፣ የቀረውን ከፖሊስና ከፍርድ ቤት። ነባሮቹ ተማሪዎች አዲሶቹን ከእራት በኋላ ሰብስበው ከግቢው ጀርባ ወዳለ ሜዳ ወሰዷቸው። በየዓመቱ የሚደረግ ነው፤ አቀባበል የሚሉት ይህን ነው። አንበረከኳቸው። በጭቃ አስሄዷቸው። ዝፈኑ አሏቸው፣ እንደ አህያ ጩኹ አሏቸው። እየተፈራረቁ በቀበቶ መቷቸው። ልጄን አንዱን ጓደኛውን በጀርባው አዝሎ እንዲሮጥ አደረጉት። ሲወድቅ አስነሱት፣ ደግሞ ሲወድቅ ሌሎቹን በላዩ ላይ ከመሯቸው። ሲነሱለት እሱ አልተነሳም። እያስመሰለ ነው ብለው ሳቁ። ኋላ ተሸክመው አልጋው ላይ አስተኙትና ይተኛ አሉ። ጠዋት ጓደኛው ለቁርስ ሊቀሰቅሰው ሄደ።

ባለቤቴና አንድ ዘመዱ ሄደው አመጡት። ቆቦ ሳይደርሱ፣ ሰው ከጎብዬ ጀምሮ መንገድ ላይ ወጥቶ ነበር አሉ። ሮቢት ሲደርሱ ሱቆች ተዘግተው ነበር። እኛ ዘንድ የሞተ ሰው አይዘገይም፤ እሱ ግን ከመንገዱ ርዝመት የተነሳ ብዙ ዘግይቶ ነበርና ሰዎቹ ቸኮሉ። ፊቱን ብቻ አሳዩኝ። ፊቱ ደህና ነበር። ዓይኑ ሥር ትንሽ ጭረት ነበረች፤ ጣቴን አደረግኩባት። ከዚያ አባቱና የመስጊዱ ሰዎች ወስደው አጠቡት፣ ከፈኑት፣ ከሰዓት፣ ከአስር ሰላት በኋላ ቀበሩት። በእኛ ወግ ሴት ቀብር አትሄድም። እኔ ቤት ቀረሁ። ግቢው በሴት ተሞልቶ ነበር፣ ልጄ ከዋጃ መጥታ አንገቴን ይዛኝ ነበር፣ እኔ ግን የሰማሁት የሰዎቹ እግር ከደጃችን ሲርቅ ብቻ ነው። ያን ጊዜ የተሰማኝ ብቸኝነት እስካሁን አልለቀቀኝም።

የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ክላሹን ሳያወርድ ነበር ድንኳን ውስጥ የተቀመጠው። በእኛ በራያ ደም ያለበት ሰው ደመኛውን ያውቃል። የማን ልጅ እንደሆነ፣ ከየት ሰፈር እንደሆነ፣ በምን እንደተጣሉ ይታወቃል። ሽማግሌም የሚገባው ይህ ሲታወቅ ነው። እኔ ከሴቶቹ ጋር ቤት ውስጥ ነበርኩ፤ በመስኮቱ ይታየኛል፣ ይሰማኛልም።

«ማነው?» አለው ወንድሙን። «የማን ልጅ ነው? ንገረኝ።»

«አንድ አይደሉም» አለ ባለቤቴ።

«ይብዙ። እነማን ናቸው?»

«ገሚሱ መቷል። ገሚሱ ቆሞ አይቷል። ገሚሱ ስቋል። እኔ የቱን ልበልህ?»

«ምን አጣላቸው?»

«አልተጣሉም። ጨዋታ ነው አሉ።»

አንድ ከጎብዬ የመጡ ሽማግሌ «ጨዋታ ሰው ይገድላል እንዴ?» አሉ። የባለቤቴ ወንድም ክላሹን ከትከሻው አውርዶ ከድንኳኑ ቋሚ ጋር አስደገፈው። የሚፈልገውን ያጣ ሰው ይመስል እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ቁጭ አለ። ከዚያ ቀን በኋላ መሣሪያውን ይዞ እኛ ቤት መጥቶ አያውቅም።

ሰው ለቅሶ ላይ እያለ ብቻህን አይደለህም። ያበላሃል፣ ያስተኛሃል፣ ስታለቅስ ይይዝሃል። ድንኳኑ ሲፈርስ ነው ነገሩ የሚጀምረው። ልጃቸውን ጦርነት የበላባቸው የሰፈሬ እናቶች አንዷ የሌላዋን ሐዘን ያውቁታል። ገበያ ላይ ሲገናኙ ሳይነጋገሩ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይቆማሉ። እኔ ስደርስ ያቅፉኛል፣ ይወዱኛል፣ ግን የሚሉኝ ያጣሉ። የእነሱ ልጆች የሞቱት ጠላት በተባለ እጅ ነው። የእኔ ልጅ የሞተው አብረውት በሚበሉ፣ አብረውት በሚማሩ ልጆች እጅ ነው። አንዷ «ምን አድርጓቸው ይሆን?» ስትል ሰምቻታለሁ። ክፋት አልነበረባትም። ያለምክንያት ይሆናል ብሎ ማሰብ ለእሷም አስፈራት።

ባለቤቴ ወደ እርሻው ሄደ። መጀመሪያ ማሽላው እሸት ስለያዘ ነው ብዬ ነበር፤ ወፉ ሰው አይጠብቅም። ጠዋት ምግብ ይዤለት ስሄድ ማማው ላይ አገኘዋለሁ። ይወርዳል፣ ይበላል፣ «ወፉ በዝቷል» ይለኛል፣ ይወጣል። ማሳው ዳር ባለች ዳስ ውስጥ ማደር ጀመረ። ማሽላው ታጨደ፣ ተወቃ፣ አገዳው ለከብት ተነሳ። እሱ ግን ማማው ላይ ነው። ወፍ የለ፣ እሸት የለ፣ ባዶ ማሳ ላይ ተቀምጦ መንገዱን ያያል። የሚያልፍ ሰው ሰላም ሲለው ይመልሳል። እብደት አልነበረም። እኔ አውቀዋለሁ፣ ቤት መግባት ነው ያቃተው። እኔ ደግሞ ቤቱን ለቅቄ እሱ ዘንድ ማደር አቃተኝ። እንዲህ ሆነን ከረምን።

በዚያ መሀል የልጁ ሻንጣ በአውቶብስ ተጭኖ መጣ። መነኻሪያ ሄጄ ብቻዬን ተቀበልኩ፤ አንድ የባጃጅ ልጅ አድርሶኝ ሄደ። ብርድ ልብሱ፣ ጫማው፣ የሰላት ምንጣፉ ነበሩበት። ከሥር የሰፋሁለት ነጭ ሸሚዝ ታጥፎ ተቀምጧል። ስዘረጋው ጀርባው ላይ በወፍራም ጥቁር ቀለም «ፍሬሽ» ተብሎ ከትከሻ እስከ ትከሻ ተጽፎበታል። ከሥሩ የአህያ ጆሮ የመሰለ ነገር ተስሏል። በሳሙና አጠብኩት። በበረኪና ዘፈዘፍኩት። ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ቀለሙ ገረጣ እንጂ አልለቀቀም። ባለቤቴ እንዳያየው ብዬ ከሱቄ ውስጥ ከጨርቆች ሥር ደበቅኩት። እሱ ይህን ካየ ከማማው ጨርሶ አይወርድልኝም ብዬ ፈራሁ።

ፍርድ ቤቱ ከተያዙት ጥቂቶቹ ላይ እስር ፈረደ። ሌሎቹ ተለቀቁ። ባለቤቴ አንድ ጊዜ ሄዶ ነበር። ሲመለስ «ምን መሰሉ?» አልኩት። «ልጆች ናቸው» አለኝ። ሌላ አልጨመረም። እኔ አውሬ መጠበቄን ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። አውሬ ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር።

የበጋው ሙቀት በከበደበት ሰሞን የሰፈራችን ሸህ ጠዋት ሱቄ መጡ። የተከበሩ ሰው ናቸው፤ በእስላሙም በክርስቲያኑም መሀል ሲያስታርቁ ነው የኖሩት። አልተቀመጡም።

«ከታሰሩት ልጆች የአንዱ እናት መጥታለች» አሉኝ። «ከወንድሟና ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ነው። ደም ሊያደርቁ ነው የመጡት። አልቀበልም ካልሽ ትመለሳለች፣ ማንም አያስገድድሽም።»

«አባቱ ያውቃል?»

«ሰው ልኬበታለሁ፣ እየመጣ ነው።»

ቤት ስደርስ ሴትዮዋ ከበራችን ውጭ መሬት ላይ ተቀምጣለች። በእኔ ዕድሜ ናት። ጥቁር ለብሳለች፣ አንገቷ ላይ ማተብ አለ። ጎረቤቴ በርጩማ አውጥታላት ነበር፤ «መሬት ይበቃኛል» ብላ እንዳልተቀበለቻት ነገረችኝ። የደጋ ሰው ናት፤ የቆቦ ፀሐይ ፊቷን አቅልቶታል፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። እኔን ስታይ ተንበርክካ ግንባሯን መሬት አስነካች። ከዚያ በፊት ማታ ማታ ብቻዬን ስሆን ለዚህች ሴት የምላትን ብዙ አዘጋጅቼ ነበር። ሳያት ሁሉም ጠፋኝ።

«ተነሺ» አልኳት። «ልጅሽ ምን ነበር ያደረገው?»

ከመጡት ሽማግሌዎች አንዱ «እሱን እንኳ ለኋላ...» ብለው ጀመሩ።

«ይተዉዋት፣ ትጠይቀኝ» አለቻቸው። «ልጠየቅ ነው የመጣሁት።» ወደ እኔ ዞረች። «ቀበቶ ይዞ ነበር። መትቼዋለሁ አለኝ። ስንት ጊዜ እንደመታው ግን አላውቅም ነው የሚለው።»

«ለምን መታው?»

«እኔም ይህንኑ ጠየቅኩት። አዲስ ገቢ ሳለ እሱንም እንዲሁ አድርገውት ነበር። ለእኔ አልነገረኝም። ጀርባው ላይ ያለውን ጠባሳ ያየሁት ከታሰረ በኋላ ነው። ሲያደርጉብኝ ዝም አልኩ፣ ተራዬ ሲደርስ አደረግኩ አለኝ። ይኸው ነው፣ እህቴ። ሌላ ምክንያት ቢኖረው አመጣልሽ ነበር።»

ልጠይቃት የምፈልገው ግን ሌላ ነበር። ፍርድ ቤት ያልጠየቀው፣ ፖሊስ ያልጻፈው ነገር።

«የኔ ልጅ ምን አለ?»

«መጀመሪያ ይስቅ ነበር አለኝ። ከእነሱ ጋር ይስቅ ነበር። ኋላ ላይ "በቃኝ፣ ወንድሞቼ" አለ። ወንድሞቼ ነው ያላቸው።»

በሩን ይዤ ቆምኩ። ልጄን አወቅኩት። ያ ቃል የእሱ ነው፤ የማያውቀውን ሁሉ ወንድሜ፣ እህቴ ነበር የሚለው።

«ስሙን አልጠሩትም? ተነስ ሲሉት በስሙ አልነበረም?»

ጭንቅላቷን ነቀነቀች። «ስሙን አልጠየቁትም። ፍሬሽ ነበር የሚሉት። ልጄ የልጅሽን ስም የሰማው ፖሊስ ጣቢያ ነው።»

ሸሁ መቁጠሪያቸውን ይዘው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ ሴትዮዋን ሳያት ከንፈሯን በምላሷ ታርሳለች። በእኛ አገር ደም ሳይደርቅ የገዳይ ወገን ከሟች ቤት ውሃ አይቀምስም፤ አይሰጥም፣ ቢሰጥም አይጠጣም። እሷም ይህን ነግረዋት ይሆናል፣ አልጠየቀችም። ገብቼ ውሃ ቀድቼ ወጣሁ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

«ጠጪ» አልኳት። «እርቅ እንዳይመስልሽ። ሙቀቱ ነው።»

ጣሳውን በሁለት እጇ ይዛ እያለቀሰች ጠጣች። ባለቤቴ ሲደርስ ያየው ይህንን ነው። አቧራ ለብሶ፣ ወንጭፉ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ቆሞ አያት፣ ጣሳውን አየ፣ እኔን አየኝ። አልተቆጣም። ከሸሁ አጠገብ ሄዶ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ የመጡበትን ነገር በወጉ ተናገሩ፤ ልጅ ያጠፋል፣ አገር ይቅር ይላል፣ ደም ይድረቅ አሉ። እስኪጨርሱ አዳመጣቸው።

«ደም አልፈልግም» አለ። «ወንድሜም አይፈልግም፣ ተነጋግረናል። ካሳም አታንሱብኝ።»

«እንግዲያው ይቅር ብሏል እንበል?» አሉት ሸሁ።

«እሱን አላልኩም፣ ሸህ።» ወደ ሴትዮዋ ዞረ። ከለቅሶው ወዲህ እንዲያ ረዥም ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። «ልጅሽ ሲፈታ እሱ ራሱ ይምጣ። ልጄ የሄደበትን መንገድ በአውቶብስ ይምጣበት። መጥቶ የልጄን ስም ይጠይቀኝ። ፖሊስ የነገረውን አይደለም፤ ከእኔ አፍ ይጠይቀኝ፣ እነግረዋለሁ። ይቅር የምለው ሰው ካገኘሁ ያን ጊዜ ነው። አሁን አንቺን ይቅር ብል ምን ይጠቅምሻል? አንቺ አልበደልሽኝም።»

እሷ እንደገና ልትንበረከክ ስትል እጇን ያዝኩ። እጇ እንደ እኔው እጅ ሻካራ ነበር። ከሰዓት በፊት ሄዱ።

ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ባለቤቴ ወደ እርሻው አልተመለሰም። ግቢው ውስጥ ከዛፉ ጥላ ሥር ተቀመጠ። ምግብ ሳቀርብለት «ቁጭ በይ» አለኝ።

«እሷ ጠባሳ ስትል ሰምተሻል? ሸሁ ነገሩኝ።»

«ሰምቻለሁ።»

«ያጠብኩት እኔ ነኝ» አለኝ። «ጀርባውን አይቻለሁ። ለአንቺ አልነገርኩሽም። አንቺ ፊቱን ይዘሽ እንድትቀሪ ብዬ ነው። ቤት ስገባና ሳይሽ ሊያመልጠኝ ይሆናል እያልኩ እፈራ ነበር።»

ያን ሁሉ ጊዜ ከቤት ያራቀው ይህ ነበር። እኔ ከልጃችን የሸሸ መስሎኝ ነበር፤ የሸሸው ከእኔ ጥያቄ ኖሯል። ተነስቼ ሱቅ ሄድኩና ሸሚዙን ከጨርቁ ሥር አውጥቼ ይዤለት መጣሁ። ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ አነበበው። የአህያውን ጆሮ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

«መቼ መጣ?»

ነገርኩት።

«ብቻሽን ነው የተቀበልሽው?»

«አዎ።»

«እኔም ብቻዬን ነበርኩ» አለ። ሸሚዙን መልሶ አጠፈው፤ የወንድ እጅ አጣጠፍ አይችልምና እጅጌው ወደ ውጭ ቀረ። ተቃቅፈን አለቀስን ብል ውሸት ነው። እንዲያ አይነት ሰዎች አይደለንም። እስኪመሽ ድረስ ግን እዚያው ተቀመጥን።

የቀረውን አጭር አድርጌ ልናገር። ዳሷን ትቶ ቤት ማደር ጀመረ። ክረምቱ ሲገባ ዘራ፣ ማሽላው ሲደርስ ማማው ላይ ወጣ፣ ሲታጨድ ወረደ፤ እንደማንኛውም ገበሬ። ሴትዮዋ በእኛም በእነሱም በዓል ትደውልልኛለች። ብዙ አናወራም። «እንዴት ነሽ?» «ደህና ነኝ፣ አንቺስ?» ነው። ልጇ አሁንም እስር ቤት ነው። ሲፈታ ይመጣ እንደሆነ አላውቅም። ቢመጣ በሩን በምን ልብ እንደምከፍትለትም አላውቅም።

ዘንድሮ የጎረቤቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ደርሷት አባቷ ሱቄ መጣ። ልብስ ሊያሰፋላት ነበር፤ ግን ጨርቁን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። «ልላካት?» አለኝ። ከከተማው ሰው ሁሉ እኔን መጠየቁ ገባኝ። ላካት ማለትም አትላካት ማለትም ከአፌ አልወጣ አለ። ልጅቷን አስጠራኋትና እየለካኋት «ዝም በይ ካሉሽ ጩኺ፣ ጨዋታ ነው ካሉሽ ደውዪልኝ» አልኳት። «እሺ፣ እትዬ» አለችኝ። ሄደች። አርብ አርብ እኔ እደውልላታለሁ፤ እስክታነሳ ድረስ ሥራ አይሠራልኝም።

እኔና ባለቤቴ ስለ ልጁ ማውራት ለምደናል ማለት አልችልም። አንዱ አንድ ነገር ይላል፣ ሌላው ይቀበለዋል፣ ያልቃል። ባለፈው ሳምንት ከእርሻው ሲመለስ የጥንቅሽ አገዳ ይዞ መጣ። ሁለታችንም ጥርሳችን እንዲያ አይነት ነገር ካቆመ ቆይቷል። በሩ ላይ ተቀምጦ ልጦ ለእኔ ግማሹን ሰጠኝ።

«ቀዩን ነበር የሚወደው» አለ።

«ነጩን ነው» አልኩት።

ትንሽ አሰበ። «ነጩን ነው» አለ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዳችን በየበኩላችን ማኘክ ጀመርን።